መብራት ጠፋ እንዴ?

አምና ጥር ላይ የሠራሁትን አንድ የሰርግ ቪዲዮ ያህል የኮራሁበት ሥራ አልነበረኝም። ወንድሜ ይቀርጻል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ። እሱ ብርዱን ደጅ ይጠጣል፣ እኔ ቤት ውስጥ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ጋቢ ደርቤ፣ እግሬን በቡሉኮ ጠቅልዬ ሠራሁት። የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት የቀመሰ ያውቀዋል። ላፕቶፑ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ቪዲዮ አድርጎ ሲያወጣ፣ በጎኑ የሚተፋው ሙቀት ለእኔ ምድጃ ነው። እጄን አስጠግቼ እሞቀዋለሁ።

ሲያልቅ የሙሽራዋ ቤተሰቦች "መጥተሽ አብረን እንየው" አሉኝ። እሑድ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሲደነቅ ፊቱን ማየት እወዳለሁ፣ አልዋሽም።

ሙሽራዋ ስትለብስ የሚያሳየው ክፍል አለ። ጥልፉን ስታስተካክል፣ እህቷ የአንገት ሐብሏን ስታስርላት፣ መስታወት ውስጥ ራሷን ስታይ። እዚያ ላይ ሙዚቃውን ቀስ አድርጌ አጠፋሁት። ምስሉንም ቀስ አድርጌ አጨለምኩት። ሁለት ሰከንድ ያህል ጥቁር። ድምፅ የለም። ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷ ምርቃት ነው። ሰው ትንፋሹን ይዞ እንዲጠብቀው ብዬ ነው።

አባትየው ብድግ አሉ።

"መብራት ጠፋ እንዴ?"

"ካርዱ አልቆ ይሆናል፣ ትናንት ሙላ አላልኩህም?" አሉ እናትየው ለትልቁ ልጃቸው። አባትየው ቆጣሪውን ሊያዩ ወጡ። ሲመለሱ ስክሪኑ ላይ ራሳቸው ልጃቸውን ሲመርቁ ግማሽ ላይ ደርሰዋል። የራሳቸውን ምርቃት መጀመሪያ ሳያዩት ቀሩ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ደግሞ ግሊች የሚባለውን ኤፌክት ጨምሬበታለሁ። ምስሉ የሚቆራረጥበት፣ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ የሚሰነጣጠቅበት። ልጆች ቲክቶክ ላይ የሚወዱት ነው። አጎትየው ገና ሲያዩት፣

"ዲሹን ነፋስ ነካው። አንተ ልጅ፣ ውጣና አስተካክለው!" አሉ።

ልጁ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጣ። እላያችን ላይ ኳ ኳ ሲል ይሰማል። "አሁንስ?" ይላል ከላይ። "ትንሽ ወደ ቀኝ!" ይሉታል ከታች። "አሁንስ?" "አሁን ተስተካከለ፣ እንዳትነካው!" ኤፌክቱ አልቆ ነበር። ቪዲዮው ከፍላሽ እንጂ ከዲሽ እንደማይመጣ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ማታ ቤት ገብቼ መጀመሪያ ሰውን ነው የወቀስኩት። "ኤፌክት የማያውቅ ሕዝብ" አልኩ ለወንድሜ። እሱ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ጥፋቱ ወደ እኔ እየዞረ መጣ። ከኢንተርኔት የተማርኩት "ስክሪን ሲጨልም ጊዜ አለፈ ማለት ነው" የሚል ነው። ይሄ ብዙ ሲኒማ ያየ ሰው የሚያነበው ፊደል ነው። ደብረ ብርሃን እኮ የብርሃን ደብር ማለት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ከተማዋን የቆረቆሯት ይባላል። ዛሬ በዚችው የብርሃን ከተማ ስክሪን ሲጨልም ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቆጣሪው ነው። አባትየው ያነበቡት በትክክል ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት ኤዲየስ በሚባል የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው፣ አንድ ስሙን የማልጠራው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥሬ። ያን ጊዜ ትራንዚሽን፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሸጋገሪያው፣ ጌጥ ማለት ነበር። ልብ ቅርጽ ሆኖ የሚከፈት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ፣ ጽጌረዳ የሚዘንብበት። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ከጎናቸው ርግብ ትበራለች። አለቃችን ሁለት ክሊፕ ያለ ትራንዚሽን ተገጣጥሞ ካየ "ይሄ ምኑ ተሠራ? ሰው የከፈለው ለምንድነው?" ይል ነበር። ከዚያ ፕሪሚየር ወደሚባለው ፕሮግራም ዞርኩ፤ አሁን ደግሞ አብዛኛውን በሌላ ፕሮግራም፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ እሠራለሁ። ነጻው ሪዞልቭ ራሱ በሕይወት ዘመኔ ከምጠቀምበት በላይ ትራንዚሽን አለው። ላፕቶፕ ግን ይበላል። በእኔ ባለ 8 ጂቢ ራም ላፕቶፕ ላይ እንደ ደከመ በቅሎ ነው የሚሄደው፤ ፕሮክሲ የሚባለውን ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ ካልሠራሁለት ዳገቱ ላይ ይቆማል። ካፕከት የሚባል ፕሮግራምም በስልክ አለ። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ አልንቀውም። ለአጭር ቪዲዮ ይበቃል።

ፕሮግራሙ የትኛውም ይሁን፣ ከጥንቶቹ የፊልም ኤፌክቶች አንዱ በአጋጣሚ ተገኘ መባሉ ደስ ይለኛል። ጆርጅ ሜሊዬስ የሚባል ፈረንሳዊ አስማተኛ ነበር። በፈረንጆቹ 1896 ፓሪስ ኦፔራ አደባባይ ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ተያዘበት። አላቅቆ ቀጠለ። በኋላ ፊልሙን ሲያየው ሰው የጫነው ሠረገላ ድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ታየው። ካሜራው በቆመባት ደቂቃ አንዱ ሄዶ ሌላው እዚያው ቦታ ደርሶ ነበር። ታሪኩን ያወራው እሱ ራሱ ነው። 1896 እንግዲህ እዚህ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ አድዋ ላይ ያሸነፉበት ዓመት ነው። እኛ እዚያ በተሟሟትንበት ዓመት ፓሪስ ላይ አንድ ሰው የተያዘ ካሜራ ሲያላቅቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሜሊዬስ ሰው ሲያጠፋና ሲያመጣ ኖረ። ለዚህኛው ዘዴ መቁረጥ ይበቃው ነበር። ርግብ የለችበትም።

አሁን ከሥራው ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስቸግረኝን ላንሳ። ጀማሪዎች የሚጠይቁኝ ስለ ርግብም ስለ ልብም አይደለም። "ክሮስ ዲዞልቭ ስጨምር ምስሉ ለምን ይደርቃል?" ነው ጥያቄው። እኔንም ዓመት አሠቃይቶኛል። መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ በእግር በሚረገጥ ሲንገር። ጨርቅ ስትቆርጥ ሁልጊዜ ከልኩ አሳልፋ ነው። "አፍ ለአፍ የተቆረጠ ጨርቅ ምኑ ይሰፋል?" ትላለች። ዲዞልቭም ስፌት ነው። አንዱ ምስል እየሳሳ ሲሄድ ሌላው እየወፈረ ይመጣል፤ መሐል ላይ ሁለቱም አሉ። እኛ አገር ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል ነው። የአንድ ሰከንድ ዲዞልቭ ቁርጡ መሐል ላይ ካስቀመጥክ ከፊተኛው ክሊፕ ከቁርጡ ወዲያ 12 ወይም 13 ፍሬም ትርፍ ይፈልጋል። ከኋለኛውም ከቁርጡ ወዲህ እንዲሁ። ትርፉ ከሌለ ፕሪሚየር "ምስሉ አይበቃኝም፣ ፍሬም እደግማለሁ" የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አንተ እሺ ብለህ ታልፈዋለህ። ከዚያ ሙሽራዋ እልል ስትል አፏ እንደተከፈተ ደርቃ ትቀራለች።

መድኃኒቱ ያለው ካሜራው ላይ ነው። ወንድሜ ነገሩ ሲጀምር አብርቶ ነገሩ ሲያልቅ የሚያጠፋ ሰው ነበር። ሜሞሪ ይቆጥባል! ለዓመታት ተጣላን። አሁን ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሰከንድ፣ ካለቀም በኋላ ሦስት ሰከንድ ይተውልኛል። በልቡ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይቆጥራል። አንዳንዴ ድምፁ ቪዲዮው ውስጥ ይገባል።

ወደ ጨለማው ልመለስ። ከዚያ ሰርግ ሁለት ወር ቀድሞ ሌላ ሥራ ነበረን። ሙሽራዋ ከደብረ ብርሃን፣ ሙሽራው ከሸዋ ሮቢት። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ወጥተህ ጣርማበር ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነህ። ጉሙ መኪናህን ይውጠዋል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አለ፣ ሰው ሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው። በዚያኛው በኩል ስትወጣ መሬቱ ከፊትህ ይወድቃል። ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ከዚያ ቆላው። ወዲህ ማዶ ሚዜዎቹ በሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከረባታቸውን ፈትተው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

ወንድሜ ከፊት ባለው መኪና መስኮት ካሜራውን አውጥቶ እየቀረጸ ነበር። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ምስሉ ጥቁር ሆነ። የካሜራው ብርሃን መመጠኛ አውቶ ላይ ነበር። ዋሻው ውስጥ ካሜራው ዓይኑን እንደ ድመት ከፈተ። ሲወጡ ብርሃኑ በዛበትና ስክሪኑ ድፍን ነጭ ሆነ። ከዚያ ቀስ እያለ ከነጩ ውስጥ ተራራው፣ ገደሉ፣ መንገዱ ብቅ አለ። ወንድሜ "ተበላሸብኝ፣ ጣይው" አለኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ዲፕ ቱ ብላክና ዲፕ ቱ ዋይት፣ ወደ ጥቁርና ወደ ነጭ ጠልቆ መውጣት የሚባሉትን ትራንዚሽኖች፣ ሁለቱንም መንገዱ ራሱ ሠርቶ ሰጠኝ!

እንዲያውም ጨለማው ውስጥ ቆረጥኩት። ስትገባ የምታያት መኪና በጠዋት ስትሄድ የተቀረጸች ናት። ስትወጣ የምታያት በማግስቱ ለመልስ ሲመጡ የተቀረጸች። ጥቁር ላይ ጥቁር ሲሰፋ ክሩ አይታይም። ቪዲዮውን ያዩት የሙሽራው ዘመዶች ሸዋ ሮቢት ላይ አንድም ሰው ቆጣሪ ሊያይ አልተነሳም። ጥቁሩ ግን እንደዚያኛው ሰርግ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ጨለማ ከየት እንደመጣ ማወቃቸው ነው። ሁላቸውም በዚያ ዋሻ አልፈዋል።

ይሄን ካየሁ በኋላ ነበር እንግዲህ የመስታወቱን ጨለማ የሠራሁት። ዋሻውን ወድጄው በሌላ ሰርግ ያለ ዋሻ ልደግመው ፈለግኩ። ሞኝነቴ ይሄ ነው።

ኤፌክት ላይ ደግሞ ሌላ ኃጢአት አለብኝ። ቆዳ የሚያለሰልስ ኤፌክት አለ። ሙሽሮች ይጠይቃሉ፣ ለምን አይጠይቁ። ለእያንዳንዱ ክሊፕ ማስገባት ስለሰለቸኝ በላዩ አንድ አድጀስትመንት ሌየር፣ ከሥሩ ያሉትን ክሊፖች ሁሉ የሚሸፍን ሽፋን፣ ዘርግቼ ለሁሉም በአንዴ አለበስኩት። የመንዝ ሰርግ ነበር፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ቪዲዮው ከተላከ በሁለተኛው ቀን ሙሽራዋ ደወለች።

"አያቴን ምን አደረግሻት?"

"ምን አደረግኳት?"

"ንቅሳቷ የለም።"

ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። አያትየው አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው፣ ዕድሜ ያደበዘዘው፣ አረንጓዴ ነገር። ኤፌክቱ ደብዛዛ መስመር ካገኘ እንደ ሽፍታ ነው የሚያየው፤ ከቆዳው ጋር ይቀላቅለዋል። ጥርት ያለ ቅንድብና ከንፈር ይተዋል፣ ደብዛዛውን ግን ይጠርጋል። የአያትየው አንገት እንደ ሕፃን ሆኖ ቀርቷል። "ሰፈር ሁሉ የማን አያት ናት እያለ ነው" አለችኝ ሙሽራዋ። እየሳቀች ነበር፤ ግን ደግሞ አልሳቀችም።

አሁን የሚያለሰልሰውን ነገር ለጠየቀ ሰው ብቻ፣ ፊቱን ብቻ በማስክ፣ ማለትም በመከለያ መስመር ከብቤ፣ ማስኩ ፊቱን እንዲከተለው አድርጌ ነው የማስገባው። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ሉት የሚባሉ የተዘጋጁ የቀለም ቅንብሮች አሉ፣ ቆዳን ብርቱካን ጥላን ሰማያዊ የሚያደርጉ። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ስትጭናቸው ነጩ ነጭ አይሆንም። የእኛ ጠዋት ደግሞ ከነውርጩ ራሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ላይ ሰማያዊ ሲጨመር ሰርጉ ለቅሶ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ነጠላውን ነጭ አደርጋለሁ፣ ሌላው ይከተላል።

ስሎው ሞሽን ላይ አጭር ነገር ልበል። በሰከንድ 25 ፍሬም የቀረጽከውን በግማሽ ብታዘገየው ይንተባተባል። ፕሮግራሙ መሐል የሌሉ ፍሬሞችን ፈጥሮ ይሙላ ካልከው ደግሞ ሰው እስክስታ ሲመታ የነጠላው ጥለት እንደ ሰም ይቀልጣል፣ ጣት ከጣት ይጣበቃል። እስክስታውን በ50 ፍሬም ቅረጸው። በ25 ስታጫውተው ልክ በግማሽ ይዘገያል፣ እያንዳንዱ የትከሻ ምት እውነተኛ ነው። ወንድሜ በ50 መቅረጽ ያለበትን ከመጀመሪያው ካልነገርኩት ይረሳል። ስለዚህ ካሜራው ላይ በፕላስተር ጽፌ ለጥፌበታለሁ፤ "እስክስታ 50" ይላል።

ያንን የመስታወቱን ሰርግ መልሼ ሠራሁት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ብርም አልተጨመረልኝም። አባትየው የራሳቸውን ምርቃት ሳያዩ መቅረታቸው እንቅልፍ ነሳኝ። ግሊቹን አወጣሁ። ያለሱ ሚዜዎቹ እንዲያውም ጥሩ ይጨፍራሉ። መስታወቱ ጋ ስደርስ ግን ቆየሁ። ዲዞልቭ ሞከርኩ፤ የሙሽራዋ ፊትና የአባቷ ፊት ሲደራረብ ጺም ያበቀለች መሰለች። ሰረዝኩት። ደረቅ ቁርጥ ሞከርኩ፤ ድንገት ሆነ፣ ከክፍል ወደ ሳሎን መወርወር ነው።

ከዚያ የድምፁን መስመር አየሁት። አባትየው ከመመረቃቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። እኸ፣ እኸ። ሽማግሌ ሁሉ ሊመርቅ ሲል እንደሚያደርገው። ድምፁን ከምስሉ ለያየሁትና ወደ ኋላ ሳብኩት፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል። ሙሽራዋ ገና መስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ነው። ከሌላ ክፍል የአባቷ ሳል ይሰማል። እዚያ ላይ ዓይኗን ከመስታወቱ ታነሳለች። ዓይኗን ያነሳችው በእውነቱ ለእህቷ ነበር፤ እሱን ግን ማን ያውቃል። ልክ ስታነሳ ቆረጥኩ። አባትየው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሰው በግራ በቀኝ ቆሟል። በቁርጡ ላይ ያስቀመጥኩት ኤፌክት የለም።

አዲሱን ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። እንደገና እሑድ፣ እንደገና ቡና። የዲሹ ልጅም አለ። አባትየው እናትየው አጠገብ ተቀምጠዋል። መስታወቱ መጣ። ሙሽራዋ ሐብሏን ነካ አደረገች። እኸ፣ እኸ።

እናትየው ወደ ባላቸው ዞሩ። "ምነው፣ ብርዱ ገባህ እንዴ? ጋቢ ላምጣልህ?"

"ኧረ እኔ አይደለሁም" አሉ አባትየው።

ስክሪኑ ላይ ግን እሳቸው ነበሩ።